ጋራዥ የቀረው ታኮ

የሄርሜላ ቀኝ እግር ፍሬኑ ላይ ነው። ካነሳችው መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከኋላ ደግሞ ገደል አለ። ገደሉን ማየት አልፈለገችም፤ የጎን መስታወቱ ግን አላዘነላትም። ጭቃ የሆነውን ቁልቁለት፣ መታጠፊያውን፣ ከመታጠፊያው ወዲያ በዝናብ የደፈረሰውን ወንዝ ቁልጭ አድርጎ ያሳያታል።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ኦ ማይ ጋድ» አለች። የሚሰማት ሰው አልነበረም፤ ደውላ ሰው የምትጠራበት ሞባይልም የላትም።

ቦታው ከካልጋሪ በስተምዕራብ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኝ፣ ሰዎች ፎር ዊል ድራይቭ መኪናቸውን አምጥተው በጭቃና በአቀበት የሚፈትኑበት ፓርክ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ቢሆንም ዝናቡ ሰውን ሁሉ ከቤት አስቀርቶታል። ሄርሜላ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና አምስት ሳምንቷ ነው። ያረጀው የአባቷ መኪና ትልቁ አቀበት መሃል ላይ ሲደርስ ተንገጫግጮ ጠፋባት። ሁለት ጊዜ አስነስታው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ከፍሬን ወደ ነዳጅ እግሯን እስክታዞር መኪናው ወደ ኋላ ሄደባት። ሞተሩን ሳታስነሳ አንደኛ ማርሽ አስገብታ እግሯን ቀስ አድርጋ ስታነሳም ያው ነው፤ መኪናው እየተንቀጠቀጠ ይለቃል። ለሦስተኛ ሙከራ የሚሆን ድፍረት አልቀራትም።

የእጅ ፍሬኑ ለጌጥ ነው። ሽቦው በበረዶው ወራት እየደረቀ ሲያስቸግረው አባቷ ፈቶ ጥሎታል። «ታኮ እያለኝ ምን ያደርግልኛል?» ይላል።

ታኮው ባለ ሦስት ማዕዘን ወፍራም የእንጨት ቁራጭ ነው። አባቷ አገር ቤት ሳለ በወሎ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሯል። ያኔ መኪናው ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ጎማው ስር ታኮ ይወሽቃል። እዚህ ረዳት የለውም፤ ስለዚህ ራሱ ወርዶ ይወሽቃል። ሱፐርማርኬት በር ላይ ይወሽቃል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይወሽቃል። እንደ ጠረጴዛ በተደለደለው የትምህርት ቤቷ ፓርኪንግ ላይ እንኳ ሳይወሽቅ ቀርቶ አያውቅም።

እዚያ ነው ሊዮን ያየው። ሊዮን የክፍሏ ልጅ ሲሆን በየሳምንቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር እዚህ ፓርክ እየመጣ ጭቃ የነካው ጫማውን ሰኞ ሰኞ ለሰው ሁሉ የሚያሳይ ጉረኛ ነው። «ሄርሚ፣ አባትሽ መኪናውን የሚያስሩት እንዳይጠፋባቸው ነው?» አላት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ያ መኪና ትልቁን ሂል ከወጣ ስሜን እቀይራለሁ።»

ሄርሜላ ስሙን ልታስቀይረው ቆረጠች። ለማስረጃ ብላ ፊልሟ ሲያልቅ የምትጣል ካሜራ ገዛች። ጠዋት ለአባቷ «ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር እነ ናሆሚ ቤት ለኬሚስትሪ ኤግዛም ላጠና ነው» ብላ ቁልፉን ተቀበለች። ከመውጣቷ በፊት ታኮውን ከኋላ ወንበር አንስታ ጋራዡ ጥግ አስቀመጠችው። ሊዮን ያንን እንጨት ፎቶው ላይ ካየ አለቀላት።

የፓርኩ በር ላይ ያገኙዋት ሽማግሌ ጠባቂ ብቻውን የመጣ ሰው እንደማያስገቡ ነግረዋት ነበር። «ጓደኞቼ ከኋላ እየመጡ ነው» አለቻቸው። በአንድ ጠዋት ሁለተኛ ውሸቷ መሆኑ ነው።

ከረፋዱ አምስት ተኩል ሆነ። ጭኗ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀኙ ሲዝል ግራ እግሯን ደረበችበት። ፈርታለች። ከሁሉ የባሰ ያስፈራት ደግሞ ወንዙ አልነበረም። ፖሊስ ወደ ቤታቸው ደውሎ «ልጅዎን እዚህ አገኘናት» ሲል፣ አባቷ «አይ፣ ተሳስታችኋል፣ የኔ ልጅ እነ ናሆሚ ቤት እያጠናች ነው» ብሎ ሲከራከርላት ታያት። ያን ጊዜ አለቀሰች።

«እመቤቴ፣ ብቻ ከዚህ አውጪኝ።»

ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አታውቅም። ከታች የሞተር ድምፅ ሰማች። ሽማግሌው ጠባቂ ናቸው፤ ይመጣሉ የተባሉት ጓደኞች ሲዘገዩባቸው በፒክአፓቸው ሊፈልጓት ወጥተዋል። ወርደው ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አንከባለው ከኋላ ጎማዎቹ ስር ወሸቁ።

«በይ አሁን እግርሽን አንሺ» አሏት።

እግሯ እሺ አላለም። ሦስት ጊዜ ነገሯት። በመጨረሻ ስታነሳው መኪናው ንቅንቅ አላለም፤ እሷ ግን ወርዳ መቆም አቅቷት ጭቃው ላይ ዝርፍጥ አለች። ሽማግሌው መሪውን ይዘው መኪናውን ቀስ እያሉ እስከ ሜዳው አወረዱላት።

«እዚህ የሚመጣ ብልህ ሰው ለጎማ የሚሆን እንጨት ይይዛል» አሏት፣ ቁልፉን ሲመልሱላት። «ቤታችሁ የለም?»

ሄርሜላ ቁልፉን ጭቃ በነካው እጇ ተቀበለች።

በሩ ላይ ካለችው ትንሽ ቢሮ ስልክ አስደወሏት። ለጓደኛዋ ለናሆሚ ደወለች። ናሆሚ በአንድ ጥሪ አነሳች፤ የምታወራው በሹክሹክታ ነው።

«የት ነሽ አንቺ? አባትሽ እዚህ ናቸው!»

«ምን?»

«ላይክ፣ አንድ ሰዓት ሆናቸው። ያንን እንጨት በፌስታል ይዘው መጡ። ጋራዥ ረስታዋለች አሉ። የኛ ድራይቭዌይ ደግሞ ቁልቁለት ነው አይደል?»

«መኪናው እኔ ጋ ነው። በምን መጣ?»

«በባስ። ሁለት ባስ ቀይረው። ኮፒ ልታደርግ ወጥታለች አልኳቸው። ማሚ ይግቡ ብትላቸው እምቢ አሉ፤ ‹ስትመጣ ጎማው ስር አድርጌላት እሄዳለሁ› ብለው ውጪ ቆመዋል። ዝናብ እየመታቸው፣ አይ ስዌር።»

ሄርሜላ በመስኮቱ መኪናውን አየችው። እስከ በሩ እጀታ ጭቃ ለብሷል። አንድም ፎቶ ያልተነሳባት ካሜራ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ሊሰን» አለች ናሆሚ። «እንጨቱን ተቀብዬ ልሸኛቸው እችላለሁ። ካር ዋሽ ወስደሽ ታጥቢዋለሽ፣ ማታ ትገቢያለሽ። ኖባዲ ዊል ኖው።»

እውነቷን ነው። ማንም አያውቅም። ሄርሜላ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«ስልኩን ለአባ ስጪልኝ።»

«አር ዩ ክሬዚ? ይገሉሻል!»

«ስጪልኝ፣ ናሆሚ። ዝናብ ላይ አይቁም።»

በር ሲከፈት ሰማች። ቀጥሎ የፌስታል ኮሽኮሽታ መጣ።

«ሄሎ? ሄርሚዬ?» አለ አባቷ። «የት ነው ያቆምሽው መኪናውን? ቦታው ሜዳ ነው?»

«ሜዳ ነው፣ አባ» አለች። «ግባና ቁጭ በል። ናሆሚ የነገረችህ እውነት አይደለም። እኔ የነገርኩህም።»