የተነከሰው አፈር

ሟቹ በቆርቆሮው ቢሮ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ከአፉ የወጣው አረፋ ደርቆ ጠቁሯል። ዝንቦች ከመርማሪዋ ቀድመው ደርሰው ከንፈሩን ወርረውታል። በመስኮቱ የሚገባው ሽታ ግን የሬሳው አልነበረም። የሚሸተው ውጭ ያለው መሬት ነው፤ ሐይቁን በአፈር ሞልተው ያደረቁት ሜዳ።

በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት አገር የሚያገናኝ ታላቅ የድንበር ኬላ ሊሠራ ታስቧል። የጭነት መኪና ማቆሚያው፣ የጉምሩክ መጋዘኑ፣ የመንገደኛው አዳራሽ፣ ሁሉም እዚያ ላይ። ሌላው አማራጭ ከጀርባ ያለው ኮረብታ ነው። የትኛው መሬት ሸክሙን እንደሚችል የሚፈርደው ሟቹ ነበር። የአፈር መሐንዲስ ነው፤ «ቀማሽ» ይሉታል። በዓይኑ ያልለየውን አፈር ቆንጥሮ በፊት ጥርሱ ይነክሰዋል። ከሻከረው ደለል ነው፤ ከለሰለሰው ሸክላ። የድሮ ባለሙያዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ እሱ አልተወውም።

መርማሪዋን ከኋላዋ «ወንፊት» ይሏታል። ታውቃለች፤ ተቆጥታበት አታውቅም።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አላት። «ሻይ ጠጣ፣ ወደቀ። ሐኪሙ ብርጭቆው ውስጥ የተባይ መርዝ አግኝቷል። ሻይ አፍይዋን ይዘናታል። ከነገ ወዲያ ወደ ከተማው ወህኒ ትሄዳለች።»

«ለምን ገደለችው?»

«ሰድቧት ይሆናላ!»

«ከማንቆርቆሪያው ሌላ ማን ጠጣ?»

«ሁላችንም። እኔ ራሴ ጠጥቻለሁ።»

«ታዲያ እንዴት በእግርህ ቆመህ ታወራኛለህ?»

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳችው። ከታቹ ጥቁር ደለል ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የናሙና ቱቦዎች ተከፍተዋል። የኮረብታው ድንጋይና ጠጠር ብቻ ነው፤ ማንም አልነካውም። የሜዳው ጥቁር ጭቃ ነው፤ በአንዱ ጫፉ የጥርስ ምልክት አለበት። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ከዚያ ሽታ ሥር ምንም መርዝ ቢኖር አፍንጫ አይለየውም።

ከጭቃው መሀል ጥቂት ክዳን ባለው ጣሳ ወሰደችና ቱቦውን ለሐኪሙ ሰጠችው። «ሁለቱን ጫፍና መሀሉን ለየብቻ መርምርልኝ።»

ሻይ አፍይዋ በጣቢያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። እንባዋ አልቋል።

«ልጆቼ ጎረቤት ናቸው» አለች። «ትንሿ እኔ ካላቀፍኳት አትተኛም። ወህኒ ከወረድኩ ማን ያሳድግልኛል?»

«ሻዩን እንዴት ነበር የሚጠጣው?»

«ይጠጣል እንዴ እቴ! ያን ግም አፈር ነክሶ አፉን ይጉመጠመጥበትና መልሶ ብርጭቆው ውስጥ እንትፍ ይልበታል። አጣቢዋ እኔ! ‹ጋሼ፣ በፈጣሪ፣ ውጭ ትፋው› ብዬ ስንቴ ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ ብርጭቆውን ለብቻ አደረግኩለት።»

«ይህን ለአዛዡ ነግረሽዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቀያሹ የሟቹን እህት ያገባ ነው። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከሚስትህ ወንድም ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል። ያባታቸውን ቤት ብቻውን ይዞ እህቱን አስቀየማት። ሥራ ላይ ግን አንድ ነበርን። ቱቦዎቹን ላይና ታች ብዬ ምልክት የማደርግለት እኔ ነኝ።»

«ላይና ታች ለምን ያስፈልጋል?»

«የላዩን ጫፍ መሰርሰሪያው ይረብሸዋል፤ ዋጋ የለውም። እሱ ሁልጊዜ የሚነክሰው የታችኛውን ነው።»

«ሌሎቹ ይህን ያውቃሉ?»

«እነሱ? አፍንጫቸውን ይዘው ከሩቅ ይሳሳቃሉ እንጂ መቼ ቀርበው አዩ!» ወደ ሜዳው ዞረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቀደም ከነከሰው ውስጥ ፀጉርና የቁስል ፋሻ ጎተተ። ‹ይህ አፈር አይደለም፣ ቆሻሻ ነው። ከሥር እየበሰበሰ ነው፤ ኬላው ከነሰው ይሰምጣል› አለኝ። የዚያኑ ቀን ለቦታ መረጣ ኮሚቴው ሊናገር ሲል ሰብሳቢው ‹ሌላ ቱቦ ይውጣና ይረጋገጥ› አለ። ትናንት አወጣን።»

«የት አደረ?»

«እዚሁ። ቁልፍ የለውም። ጭቃ ማን ይሰርቃል? የተባይ መርዙም ያው፣ እዚያ ጥግ ነው።»

የኮረብታው ባለቤት ሆዱ ቀድሞት መጣ። በየጣቱ ወርቅ አድርጓል።

«ሌላውን ሰው ‹አፈር ብላ!› ብትይው ይጣላሻል» አለ። «እሱ ግን ‹የቱን?› ይልሽ ነበር።» ሳቀ፤ ብቻውን።

«ሬሳው ገና አልተነሳም።»

«ኧረ አዝኛለሁ! ከማንም በላይ የተጎዳሁ እኮ እኔ ነኝ። ኮረብታዬን ሊያስመርጥልኝ አልነበር?»

እውነቱን ነው። ያዘነው ለመሬቱ ነው።

የቦታ መረጣ ኮሚቴው ሰብሳቢ ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ተቀበላት። ጫማው ያብረቀርቃል፤ ክፍሉ ሽቶ ሽቶ ይላል። ሲናገር በጣቱ ያለውን ሰፊ የብር ቀለበት ያዟዙራል።

«ትልቅ ሰው አጣን» አለ።

«ወደ ሜዳው ይወርዱ ነበር?»

«እኔ? ከአስፋልቱ ወርጄ አላውቅም። ያን ጭቃ እንኳን ልነካው፣ በመስኮት ሳየው ያቅለሸልሸኛል።»

«ቱቦዎቹንስ?»

«እጄ ነክቷቸው አያውቅም።»

«ከዚህ ሹመት በፊት የት ነበሩ?»

«የከተማው ጽዳት ኃላፊ ነበርኩ።»

«ቆሻሻውን የት ታስጥሉ ነበር?»

«ሩቅ ቦታ።»

«ቀለበትዎ ያምራል።»

«የእናቴ ማስታወሻ ነው» አለና እጁን ከጠረጴዛው ሥር አገባ። እሷ ግን አይታዋለች። ፊቱ ተወልውሎ ያበራል። በመዳፉ በኩልና በቅርጻ ቅርጹ ውስጥ ግን እንደ ጥላሸት ጠቁሯል።

ወደ ቢሮዋ ተመልሳ አንድ የብር ጉትቻዋን ፈታች። ለይታ ባስቀመጠችው ጭቃ ውስጥ ቀብራ ክዳኑን ገጠመችው።

በማግስቱ የሐኪሙ መልስ ሲደርስ ሁሉንም ቆርቆሮው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ሰብሳቢው፣ ምክትሉ፣ ባለ ኮረብታው፣ ቀያሹ፣ አዛዡ። ሻይ አፍይዋ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማለች። ወንበር የሰጣት የለም።

«ከሻዩ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ከአንድ ማንቆርቆሪያ ሁላችሁም ጠጥታችኋል። የተመረዘው የሱ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ ከሥሩም ደለል አለው። ሟቹ ሻዩን ይጉመጠመጥበታል፣ መልሶም ይተፋበታል። መርዙ ከአፉ ወደ ብርጭቆው ሄደ እንጂ ከብርጭቆው ወደ አፉ አልመጣም።»

ምክትሉ ፊቱን አኮማተረ። «ኤጭ!»

«ይቆዩ፣ ገና ነው። አፉ ውስጥ የገባው አፈር ነው። የኮረብታውን ጠጠር አልነከሰም። የነከሰው የሜዳውን ጭቃ ነው። ሐኪሙ የጭቃውን መሀል ንጹሕ ሆኖ አገኘው። መርዝ ያለው ጫፎቹ ላይ ነው፤ በሁለቱም። ጭቃው ተቆርሶ፣ ከመርዝ ጋር በእጅ ታሽቶ፣ ተመልሶ ተጠቅጥቋል።»

«ይኸው!» አለ ባለ ኮረብታው ቀያሹን እያየ። «ቱቦው በማን እጅ ነበር?»

«እሱ ቢሆን አንዱን ጫፍ ብቻ ነበር የሚያሸው። ሟቹ የላዩን ጫፍ አይነካም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በከንቱ አይለፋም። ሁለቱን ያሸ ሰው ሟቹ አፈር እንደሚነክስ እንጂ የትኛውን እንደሚነክስ አያውቅም። ከሩቅ ቆሞ የሳቀ ሰው ነው።»

ባለ ኮረብታው ሳቁ ጠፋ። «እኔ ደግሞ ምን...»

«እርስዎ ቀማሹ አንድ ቀን በሕይወት ቢቆይልዎ ኮረብታዎ ይመረጥ ነበር። እሱን መግደል የራስን ላም ማረድ ነው። እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉ።»

አደረጉ። ሰብሳቢው ዘገየ። ያደረገውም ቀለበት የሌለበትን እጁን ነው።

«ሁለቱንም፣ ጌታዬ።»

የጣሳውን ክዳን ስትከፍት ሽታው ክፍሉን ሞላው። ከጭቃው ውስጥ ጉትቻዋን አውጥታ ጠረገችው። ከሰል መስሏል። ጆሮዋ ላይ ያለው መንትያው ነጭ ነው።

«በስባሽ ያለበት ጭቃ ብርን ያጠቁራል። ወርቅን አይነካም። ቀያሹ ቀለበት የለውም። ከዚህ ክፍል ብር ያጠለቀ አንድ ሰው ነው፤ ቀለበቱም ጠቁሯል። ትናንት ‹እጄ ጭቃውን ነክቶ አያውቅም› ብሎኛል።»

«ይህ... ሳሙናው ነው» አለ ሰብሳቢው። «ደግሞም አንድ ቀን ወርጄ ወድቄ ነበር።»

«ትናንት ከአስፋልት ወርደው አያውቁም ነበር። ሌላ ቱቦ ይውጣ ያሉትም እርስዎ ነዎት። ሊያረጋግጡ ሳይሆን እሱ የሚነክሰው ነገር ሊያዘጋጁ። የከተማውን ቆሻሻና የሐኪም ቤቱን ጥራጊ ሐይቁ ውስጥ አስጥለው፣ አፈር አልብሰው ‹መሬት› ያሰኙት እርስዎ ነዎት። ቀማሹ ከጥርሱ መሀል አወጣብዎት።»

ሰብሳቢው ዙሪያውን አየ። ወደ እሱ የሚያይ ሰው አልነበረም።

«ለልማት ነው!» ብሎ ጮኸ። «የአገር ኬላ በአንድ አፈር በሊታ ይቅር?»

አዛዡ እስከ ትናንት ድረስ ወንበር ሲስብለት የነበረውን ሰው ካቴና አስገባለት። ሲወጡ ምክትሉ ለሰብሳቢው መንገድ ለቀቀና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም።

«የሚያሳዝን ነው» አለ። «ሥራ ግን ሥራ ነው። ስለ ሜዳው እንደኔ እንደኔ ከላዩ ትንሽ አፈር ቢጨመርበት...»

መርማሪዋ ወለሉ ላይ መትፋት አማራት። ዋጠችው።

«ያ ሜዳ ከዛሬ ጀምሮ የወንጀል ማስረጃ ነው። ፍርድ ቤት አስቆፍሮ እስኪያየው አንድ አካፋ ያሳረፈበት ይታሰራል። እርስዎም ቢሆኑ።»

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በፖሊሶቹ መሀል የቆመችውን ሴት ገና አሁን ያያት መሰለ። ይቅርታ ይላት ይሆን ብላ መርማሪዋ ጠበቀች።

«አንቺ ተፈታሽ፣ አይደል?» አላት። «በይ እንግዲህ፣ ሻይ አምጪልን።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አዛዡ አንገቱን ደፋ።

«የደፈናችሁት ሐይቅ ያውላችሁ» አለች። «ቀድታችሁ ጠጡ።»

መርማሪዋ በሩን ከፈተችላት። ሴትዮዋ ወደ ልጆቿ እየሮጠች ወጣች።