ዓሣው ለማን ነው የወጣው?

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጅጅጋ ተወልጄ ያደግኩ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፣ በማይክሮስኮፕ ያላየሁትን አላምንም እያልኩ ጓደኞቼን ሳስቅ ነው የኖርኩት፣ ይህንንም የምነግራችሁ አምኜበት ሳይሆን ግራ ገብቶኝ ነው።

ባለቤቴ ደምሴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ እባብ የመሰለ ረጅም ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ፣ ኢል ነው የሚባለው አለኝ፣ ውሃ በቦቴ በምንገዛበት ከተማ ሳሎናችን ውስጥ የመስታወት ገንዳ ተገተረ እላችኋለሁ! ዓሣው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚውለው፣ ደምሴ ግን አሠለጠነው፣ ሁለቴ አጠር አድርጎ ያፏጭና ቀጭን የጉበት ቁራጭ በወረንጦ ይዞ ውሃው ውስጥ ይነክርለታል፣ እያደር ፉጨቱን ሲሰማ አሸዋውን ሰንጥቆ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀው ጀመር። እኔ ባፏጭ፣ መስታወቱን ባንኳኳ ንቅንቅ አይልም፣ ደምሴ በሌለ ጊዜ ጉበቱን ጣል አድርጌለት ነው የምሄደው።

ያን ዕለት ደምሴ ለሥራ በጅቡቲ መንገድ ወዳለችው አይሻ ከተማ ወርዷል፣ አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ፣ የገንዳው ማሞቂያም አብሮ ጠፋ፣ ጎረቤቴ ሆዳን ሻማ ይዛልኝ መጥታ እየተጫወትን ነበር። ድንገት አሸዋው ሲንሿሿ ሰማሁ፣ ዞር ስል ዓሣው ወጥቶ፣ ቀና ብሎ፣ አፉን ከፍቷል።

«አባዮ» አለችኝ ሆዳን፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ባልሽ መጣ መሰለኝ፣ ሲያፏጭ ሰማሁት እኮ።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም!»

በሩን ከፈትኩ፣ ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ስመለስ ዓሣው እየዋጠ ነበር፣ እመኑኝ፣ የዚያን ቀን ጉበት ከፍሪጅ አላወጣሁም።

ደወልኩለት፣ ብዙ ከጠራ በኋላ በእንቅልፍ ድምፅ አነሳው።

«ደምስ፣ የት ነህ?»

«አይሻ ነኛ፣ ጋቢና ውስጥ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ምነው?»

«ደህና ነህ ወይ?»

«ደህና ነኝ። ስሚ እስቲ ሰሊ፣ የዓሣው ውሃ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀዘቀዘው?»

ስለ መብራቱ አንድም ቃል አልነገርኩትም።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ምን አልኩሽ?» አለኝ፣ የምሩን ነው፣ የተናገረውን አያውቀውም።

ከመንገድ የገባ ዕለት ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ሄዶ አፏጨለት፣ አልወጣም፣ ደጋግሞ አፏጨ፣ ጉበቱን ቢያወዛውዝለትም ወይ ፍንክች፣ በመጨረሻ ደክሞት አጠገቤ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ያኔ ዓሣው ወጣ፣ ፊቱን ወደኛ ሳይሆን ማንም ወደሌለበት ጥግ አዙሮ አፉን ከፈተ።

«አሁን ደግሞ ማን ጠራውና ነው?» አለ ደምሴ ትክ ብሎ እያየው።

እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፣ ፉጨቱን በዚህኛው ጊዜ እኔም ሰምቼው ነበር።