ዝም ያለ አጥንት

«ይቀዘቅዛል፤ እንዳትደነግጪ» አሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ማዳም ፎስዋ፣ ጄሉን የኮናዱ ቅልጥም ላይ እየቀቡ። ከዚያ የአልትራሳውንዱን ጫፍ በቆዳዋ ላይ ቀስ አድርገው ያዞሩት ጀመር።

ማሽኑ ድምፅ የለውም። ኮናዱ የምትጠላውም ይህንኑ ነው። ጸጥ ባለ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣባታል፤ አምና በኩማሲ የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ የጓደኛዋ የሴርዋ እግር መሰናክሉን ዘልላ ስታርፍ የተሰበረበት ድምፅ። ደረቅ እንጨት ቀጭ እንደሚለው ነበር። አሁንም ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲሰበር ትበረግጋለች። እናቷ ሸንኮራ ስትሰብር ከቤት ትወጣለች።

ከድምፁ የባሰም አለ። በዚያ ጠዋት ሴርዋ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተደብቃ ቅልጥሟን በጨርቅ ስትጠቀልል አይታታለች። «ለአሰልጣኙ ትንፍሽ ብትዪ ጓደኝነታችን አበቃ!» ብላት ነበር። ኮናዱም ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲህ ሴርዋን አንድም ቀን ሄዳ አልጠየቀቻትም።

አሁን ደግሞ የራሷ አጥንት ተሰነጠቀ።

«ይሄ ነገር ስንጥቁን ይጠግነዋል?»

«ስንጥቁ አካባቢ ያሉት የአጥንት ሴሎች ተቆጥተዋል፤ እርስ በርስ ‹ድረሱልን!› እየተባባሉ ነው» አሉ ማዳም ፎስዋ። «ይሄ ሞገድ ቁጣቸውን ያበርደዋል። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች እንዲያ ሲያደርግ ታይቷል፤ ባንቺ እግር ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ምዬ አልነግርሽም። ደግሞ ሕመሙ በረደ ማለት አጥንቱ ገጠመ ማለት አይደለም። ሰምተሻል?»

ኮናዱ ራሷን ነቀነቀች። አርብ ውድድር አለ። ካሸነፈች አክራ ያለው የስፖርት ትምህርት ቤት ይወስዳታል።

«በይ ውጪ ትንሽ ተራምደሽ ተመለሺ። ደህና ከሆንሽ ‹አርብ መወዳደር ትችላለች› ብዬ ለአሰልጣኝሽ እደውልላቸዋለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ጥግ፣ ክራንቿን አስደግፋ የተቀመጠችው ሴርዋ ነበረች።

«እንዴ! አገር ውስጥ ነሽ?» አለች ሴርዋ። «እኔ እኮ ሞታለች ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

ኮናዱ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። «ሴርዋ… እኔ…»

«ቁጭ በይ፤ አልነክስሽም።»

ተቀመጠች። የሴርዋ እግር ከስቷል፤ ጠባሳው ከጉልበቷ ሥር ተነስቶ ካልሲዋ ውስጥ ይገባል።

«የተናደድሽብኝ መስሎኝ ነው ያልመጣሁት።»

«ተናድጃለሁ እንጂ! ‹አትናገሪ› ያልኩሽ እኔ፣ ‹ምነው በተናገረች› ብዬ ዓመቱን ሙሉ የበገንኩትም እኔ። እብድ ነኝ አይደል?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?»

«ቅልጥሜን ነው… ትንሽ ነገር።»

«ያምሻል?»

«አሁንስ ትቶኛል።»

ሴርዋ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። «እኔንም ያን ሰሞን ትቶኝ ነበር» አለች። «ስዘል ብቻ ነበር ብቅ የሚለው።»

«ኮናዱ፣ ግቢ!» ብለው ተጣሩ ማዳም ፎስዋ።

ውስጥ፣ በታመመው እግሯ ብቻ ቆማ እንድትዘል አዘዟት። ዘለለች። ከአጥንቷ ውስጥ መርፌ የመሰለ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፊቷ አልተለወጠም። ቤቷ መስታወት ፊት ተለማምዳዋለች።

«አመመሽ?»

የኮናዱ ዓይን ወደ ኮሪደሩ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሴርዋ አግዳሚው ላይ ሆና ክራንቿን በጭኗ ላይ አጋድማ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ወደ ውስጥ አታይም።

ኮናዱ ጎንበስ አለችና ጣቷን ቅልጥሟ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ» አለች። «ማዳም፣ እባክዎ አይደውሉላቸው። እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ከዚያ ወጥታ ሴርዋን ክንዷን ደግፋ አስነሳቻት፤ እስከ በሩም አደረሰቻት። ብቻዋን ስትቀር ግን ሚኒባስ ይዛ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሴርዋ እስክትጨርስ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና ስልኳን አውጥታ የአሰልጣኟን ቁጥር ነካች።