የማይከፈለው እልፍ ከዘጠኝ

በዘምራ መንግሥት ሰባቱ ደወሎች በጠራራ ፀሐይ ማንም ሳይነካቸው ደወሉ። በዚያው ቀን ገማሽ የተባለው የጉም አውሬ ከተራራው ወረደ። ገማሽ ጥርስ የለውም፤ ያገኘውን ሕዝብ እኩል እኩል ረድፍ አሰልፎ እንደቆመ በጣፋጭ እንቅልፍ ያስተኛል። እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። የሚያቅተው በእኩል ረድፍ የማይደረደር ብዛት ብቻ ነው።

ጠቢባኑ እልፍ ከአንድ፣ ማለትም ዐሥር ሺህ አንድ፣ ጦረኛ ላኩበት። ቁጥሩን ጠጠር እየደረደሩ ፈትነውት ነበር፤ ግን በዘምራ ወግ ከሃምሳ ረድፍ በላይ መሞከር ነውር ነው። አይ ወግ! ገማሽ ሰባ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ መቶ ሠላሳ ሰባት ሰው አድርጎ አስተኛቸው።

ከተኙት አንዱ ዳጉን ነበር። እኅቱ ኤርሜላ ከንግሥቲቱ ፊት ቆመች።

«እቴጌ ሆይ! ወጉን ጥሼ እልፍ ከዘጠኝ ጠጠር እስከ መቶ ረድፍ ደረደርኩ። ረድፉ ከመቶ ቢበልጥ፣ በየረድፉ የሚቆመው ከመቶ ያንሳል፤ እሱንም ፈትኜዋለሁ። እልፍ ከዘጠኝ አይከፈልም! ወንድሜን ሳላስነሣ ብመለስ የዘምራ አፈር አይቀበለኝ!»

እሷን ጨምሮ እልፍ ከዘጠኝ ሆነው ዘመቱ። ከጉሙ አፋፍ ሲደርሱ ሽማግሌው የጦር አለቃ ጋሻዬ አስጠነቀቃት፦ «ልጄ፣ የተኛ ሰው ስም እንዳትጠሪ። የተጠራ ይነቃል፤ የነቃም ከኛ ጋር ይቆጠራል።»

ጉሙ እሹሩሩ አላቸው። ሁሉም የልጅነት ደጁን አየ። ገማሽ በሰባት ረድፍ ቢያሰልፋቸው ስድስት ተረፉ፤ በዐሥራ አንድ ቢያሰልፋቸው ዐሥር ተረፉ። የተረፉት የተኙትን እየቆነጠጡ ቀሰቀሱ። ጉሙ እየሳሳ ሄደ።

ያኔ ኤርሜላ ወንድሟን አየችው። በእንቅልፉ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ሥጋ መርፌ ነው፤ አላስቻላትም።

«ዳጉን!»

ነቃ። እየሮጠ መጥቶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ወዲያው ጉሙ ወፈረ፤ ሠራዊቱም በዐሥር ረድፍ፣ አንድም ሳይተርፍ፣ ይሰለፍ ጀመር።

«አንድ ሰው በዛ!» ብሎ ጮኸ ጋሻዬ።

«እኔ ልመለስ» አለ ዳጉን። «እንቅልፉ እኮ አይከፋም፣ እቴ።»

«ዝም በል አንተ! ታላቅህ ማን ሆነና? የጠራሁህ እኔ ነኝ።» ግንባሩን ሳመችው። እየፈራች፣ እያለቀሰች፣ ከሠራዊቱ ተለይታ ብቻዋን ወደ ጉሙ ልብ ገባች።

ገማሽ የቀሩትን እልፍ ከዘጠኝ ቢያሰልፍ፣ ቢያሰልፍ፣ ሁልጊዜ ሰው ተረፈው። በመጨረሻ ተበጣጥሶ በነፈሰው ነፋስ ሄደ፤ ኤርሜላም አብራው። የተኙት ሁሉ ዓይናቸውን እያሹ ነቁ።

ዳጉን ዛሬ ሸብቷል። ጎህ ሲቀድ ከዚያ አፋፍ ወጥቶ ስሟን ይጠራል። «ነይ እንጂ እቴ» ይላል፤ «አሁን እኮ አንድ ሰው ቢበዛ ማንም አይጎዳም።»