ስለ ልጄ ስለ ጋስቶን

ማዳም ኦዲል ሳቫርድ ዓርብ ስቅለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቃለ መሐላ ሊሰጡ ቀጠሮ ነበራቸው። የግል መርማሪዋ ኮሪን ቴሪዮ የሚፈረመውን ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ስትደርስ ግን የሸሪፉን መኪና ቅድስት ሞኒካ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ አገኘችው። ማዳም ኦዲል ወደ መዘምራን ሰገነት በሚያወጣው ጠባብ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሚሆነውን የደብሩ ጸሐፊ ሆነው አሳልፈውታል።

ኮሪን በሩን አልፋ ስትገባ፣ ሳታዝዘው ቀኝ እጇ የተባረከው ውሃ ወደሚቀመጥበት የድንጋይ ሳህን ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ እጇ ግን አልረሳም። ጣቷ ደረቅ ድንጋይ ነካ። የሆነ ነገር አንገቷ ላይ እንደተነፈሰባት ሁሉ ሰውነቷን ሰቀጠጠው፤ በራሷ ተናዳ እጇን ኪሷ ከተተች።

ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የአሮጊቷን ግራ እጅ አየች። ጭብጣቸው ውስጥ አንድ ስንዝር የሚሆን አረንጓዴ ጥብጣብ አለ፤ ጫፉ ተበጥሷል።

«የፀጉር ማሰሪያ ይሆናል» አለ ሸሪፍ ዋልተር ክሮስ።

«ዋልተር፣ አንተ ሚስት ያለህ መስሎኝ ነበር።»

«እሺ በይ፣ ቀልጂ። ሐኪሙ የወደቁት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው ይላል። አምስት ሰዓት ላይ የጋስቶን ፔልኪ መኪና እዚህ ቆማ ነበር፤ ጩኸቱን ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ሰምቶታል። ያንቺ ሰው ነው ኮሪን። አዝናለሁ።»

ጋስቶን ጣሪያ ሠሪ ነው፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ። በአሥራ አንድ ዓመቱ መሠዊያ ላይ ሲያገለግል የደብሩ ቄስ አባ ሊዮ ደፍሮታል። ይህን በአደባባይ ለመናገር አርባ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ሊዮ ከሞተ ቆይቷልና በወንጀል የሚጠየቅ የለም። የቀሩት መንገዶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የሀገረ ስብከቱ የካሳ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ይፈርማል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ አፉን ይዘጋል፣ ሀገረ ስብከቱ ግን ጥፋቱን አያምንም። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት እንዲህ ላሉ ክሶች ይርጋውን ለሁለት ዓመት አንስቶት ነበር፤ ያ ጊዜ ሰኞ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ፍርድ ቤት ለመሄድ ግን ሀገረ ስብከቱ የሊዮን ነገር ቀድሞ እያወቀ እንደተወው የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። የኮሪን አሠሪ የሆነችው የጋስቶን ጠበቃ በእጇ የነበረው አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ እሱም ማዳም ኦዲል ናቸው፤ አሁን ደረጃ ሥር ተኝተዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ጋስቶንን በሸሪፉ ቢሮ አገኘችው። ወፋፍራም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያያቸዋል።

«ጮኽኩባቸው፤ አልክድም» አለ። «‹አርባ ሁለት ዓመት እያወቁ ዝም አሉ› አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«አለቀሱ። ከዚያ ‹እናትህን አታውቃትም። ዘጠኝ ሰዓት ተመልሰህ ና፣ ከላይ የማወርደው ነገር አለ› አሉኝ። እኔ እናቴን አላውቃት? የነገርኳት ቀን በጥፊ ነው የመታችኝ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልወጣትም። በእኔ አላመነችም፣ አለቀ።» ትንፋሹን ሳበ። «ጥዬ ወጣሁ። ስወጣ በሕይወት ቆመው ነበር፤ እናቴ ትሙት።»

«እናትህ ሞታለች፣ ጋስቶን።»

«ለዚያ ነዋ።»

ሁለቱም ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው አፈሩ።

«ስትገባ መጀመሪያ ምን አደረግህ?»

«እንደ ጅል እጄን ሳህኑ ውስጥ ከተትኩ። ያንን ሁሉ አድርገውብኝ እጄ አሁንም ጠበል ይፈልጋል። ደረቅ ነበር። ውሃውም ጠላኝ አልኩ።»

ኮሪንም ዓርብ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና የራሷን ጣት ስታሻሽ ነበር ያደረችው።

የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ኖርማን ቡሼ ጓሮ ነበር፤ ትልቁን የብረት ማንደጃ ዙሪያውን እየዞረ ይነጫነጫል። በዚያ ምሽት ሕዝቡ የትንሣኤን እሳት የሚያስለኩሰው ከዚያ ማንደጃ ነው።

«የቴሪዮ ልጅ! አንቺ ፖሊስ አይደለሽ? እንጨቴን ማን እንደነካብኝ ፈልጊልኝ» አላት።

«ፖሊስነቱን ከተውኩ ቆየሁ። እንጨቱ ምን ሆነ?»

«የበርች እንጨት ልጡ ወደ ታች ሆኖ ነው የሚደረደረው፤ እንደዚያ ነው ቶሎ የሚይዘው። ሐሙስ ራሴ ደርድሬዋለሁ። አሁን እዪው፣ ግማሹ ተገልብጧል! መንካት አይቻልም እንዳልል ሰው አሮጌ የጸሎት መጽሐፍም የሆሳዕና ዝንጣፊም ያመጣል፤ የተባረከ ነገር ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፣ እዚህ ነው የሚቃጠለው። ግን ለእኔ ይሰጡኛላ! ማን ደርድር አለው?»

ኮሪን የተገለበጠውን ልጥ ልብ አለችው። «በሩ ላይ ያሉት ሳህኖችስ? ማን አደረቃቸው?»

«ማዳም ናቸዋ፣ ነፍስ ይማር። ሐሙስ ማታ ከቅዳሴ በኋላ በስፖንጅ ጠርገው ነው የሄዱት። ጌታ መቃብር ውስጥ እስካለ ድረስ ደወልም የለም፣ ውሃም የለም ይሉ ነበር። ከተማ ያለው ካቴድራል ውሃውን እስከ ቅዳሜ አይነካውም፤ እሳቸው ግን ጳጳሱም ቢመጡ አይሰሙም።»

አሁን ያሉት የደብሩ ቄስ አባ ማርሴል ዱቤ በተራቸው እጃቸውን እያፍተለተሉ ተቀበሏት። ዓርብ ከረፋዱ አራት እስከ ስምንት ሰዓት ሆስፒታል ሕሙማን ዘንድ ነበሩ፤ ሸሪፉም ነርሶቹን ጠይቆ አረጋግጧል።

«ከሀገረ ስብከቱ ተደውሎልኛል» አሉ። «ምንም እንዳልናገር።»

«ታዲያ አይናገሩ። የሰገነቱን ቁም ሣጥን ይክፈቱልኝ።»

አባ ማርሴል ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ ቁልፉን አወጡ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የቅዳሴ መዛግብት ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ማመልከቻ አረንጓዴ ጥብጣብ አላቸው። ቅዳሴ የሚያስደርስ ሰው ምክንያቱን ለጸሐፊዋ ይነግራል፤ እሷም ቃሉን ሳትለውጥ ትጽፋለች። ስለ ሟች አባት፣ ስለ ታመመች ሚስት፣ ፈተና ስለደረሰባት ልጅ። በዓመት አንድ ጊዜ የጳጳሱ ተወካይ መዝገቡን መርምሮ ከሥሩ «አይቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት እስከ ሰባ ስምንት ያለው አለ፤ ከሰማንያ አምስት ጀምሮ ያለውም አለ። በመካከላቸው ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ እዚያ ብቻ አቧራ የለም።

ኮሪን በግራና በቀኝ ያሉትን አውጥታ የየዓመቱን ፊርማ አየች። ሁሉም የአንድ ሰው ነው።

ያ ሰው ቄሶቹ ቤት ውስጥ የአተር ሾርባ እየበላ ነበር። በሞንሲኞር ማዕረግ የሚጠሩት ቄስ ሮዜር ላንድሪ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ወጥተው በስቅለት ጸሎት ሊያግዙ ከከተማ መጥተዋል። ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው ናቸው።

«አሳዛኝ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ አፋቸውን በናፕኪን ጠረግ ጠረግ አድርገው። «እስከ ሰባት ተኩል ክፍሌ ውስጥ አረፍ ብዬ ነበር። ከዚያ ትንሽ ነፋስ ተቀበልኩና ስምንት ሰዓት ላይ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ። አማተብኩ። ጣቴ ላይ ያለው ጠበል እንኳ ሳይደርቅ ነው ያየኋት።»

«ከዚህ ቤት በጓዳ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያስገባው መተላለፊያ አልገቡም?»

«የለም፣ በፊት በር ነው። ስድሳ ዓመት እንደማደርገው።»

«ስለ አባ ሊዮ የሚያውቁት ነገር ነበር?»

«ባለፈው ወር ለፍርድ ቤት በመሐላ ተናግሬአለሁ። ሀገረ ስብከቱም እኔም አንድም ነገር አልሰማንም።»

ሾርባቸውን ቀጠሉ። ኮሪን ግን ወጥታ ለሸሪፉ ደወለች።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ ሁሉንም ማንደጃው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሸሪፉ ጋስቶንን በካቴና አምጥቶታል። አባ ማርሴል ነጩን ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ክብሪት ይዘዋል። ኖርማን እንጨቱን እየጠበቀ ቆሟል፤ ሞንሲኞር ወንበር ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል። የቀለጠው በረዶ ጓሮውን አጨቅይቶታል፤ ቀደም ብለው የመጡ ምእመናን ያልበራ ሻማቸውን ይዘው አጥሩ ጋ ቆመዋል።

«ማዳም ኦዲል አዳልጧቸው አልወደቁም» ብላ ጀመረች ኮሪን። «እጃቸው ላይ የመዝገብ ጥብጣብ ነበር። መዝገቡን ይዘው ሲወርዱ አንድ ሰው ሳበው፤ ጥብጣቡ ተበጠሰ፣ እሳቸው ወደቁ። የጠፋው መዝገብ የሊዮ ዘመን መዝገብ ነው።»

«ጋስቶን ሊሆን አይችልም?» አለ ሸሪፉ።

«ጋስቶን ያንን መዝገብ ከዓይኑ ብሌን አብልጦ ይፈልገዋል። ለምን ያጠፋዋል? አባ ማርሴል ሆስፒታል ነበሩ፤ እዚህ ከመጡም አምስት ዓመታቸው ነው። ኖርማንም ቢሆን የገዛ ድርድሩን አበላሽቶ አይነጫነጭም።»

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ኖርማን።

«መዝገቡ የሚያጋልጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ‹አይቻለሁ› ብሎ የፈረመውን፣ ከዚያም ‹አላየሁም› ብሎ የማለውን።»

ሞንሲኞር ፈገግ አሉ። «ፊርማ ወንጀል አይደለም፣ ልጄ። እኔ በፊት በር ነው የገባሁት።»

«ጠበልም ነክተዋል።»

«አዎን።»

«ጠበል አልነበረም» አለች ኮሪን። «ሳህኑ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ደረቅ ነው። ጋስቶን አምስት ሰዓት ላይ ገብቶ ደረቅ አገኘው። እኔም ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ደረቅ አገኘሁት፤ እስካሁን ጣቴ ላይ አለ። በዚያ በር የገባ ሰው አይረሳውም፣ ሞንሲኞር። እርስዎ ግን አልገቡበትም። የነገሩኝ ዓርብ ያደረጉትን አይደለም፤ ስድሳ ዓመት ያደረጉትን ነው። ቀድሞውኑ ውስጥ ነበሩ።»

ከአጥሩ ወዲያ የአንድ ሕፃን ሳል ተሰማ።

«መዝገቡስ?» አለ ሸሪፉ።

«መቼም ቄስ ናቸው። ለሙታን ቅዳሴ የተጻፈበትን መጽሐፍ ቆሻሻ ውስጥ ለመጣል እጃቸው እሺ አላላቸውም። የተባረከ ነገር በሚቃጠልበት አስቀመጡት። ኖርማን፣ እንጨትህን አፍርሰው።»

ኖርማን በርቹን እያነሳ ጣለው። ከሥር፣ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም መዝገብ ወጣ። ጥብጣቡ ግማሽ ነበር።

«አልገፋኋትም» አሉ ሞንሲኞር፤ ድምፃቸው አልሰማ እያለ። «መጽሐፉን ነው የሳብኩት። ወደቀች። ጸለይኩላት... አጠገቧ ተንበርክኬ ጸለይኩላት።»

«ያን ጊዜ ማዳም ገና ይተነፍሱ ነበር» አለች ኮሪን።

ወደ ወንበሩ ጠጋ አለች።

«ሐኪሙ አንድ ሰዓት ያህል ሳይቆዩ አልቀረም ይላል። አምቡላንስ ጠሩላቸው? ወይስ እዚህ መጥተው እንጨት ይገለብጡ ነበር?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሸሪፉ የጋስቶንን ካቴና ፈትቶ፣ ያንኑ ካቴና ይዞ ወደ ወንበሩ ሄደ። አባ ማርሴል ፊታቸውን አዞሩ፤ እያለቀሱ ነበር።

ኮሪን መዝገቡን ገለጠች። የማዳም ኦዲል ጽሕፈት ቀጥ ያለና ንጹሕ ነው። በሰባ ዘጠኝ አንዲት እናት፤ «ስለ ልጄ፣ ከአባ ሊዮ ቤት እያለቀሰ ስለመጣው»። በሰማንያ ሌላ እናት። ከሁለቱም ሥር «አይቻለሁ» የሚል ፊርማ አለ። ሞንሲኞር ጋስቶን ከመነካቱ በፊት ሁለት ጊዜ አይተዋል። ሰኞ ጠበቃዋ ክሱን ስትከፍት የምትይዘው ይህንን ነው፤ የእነዚያ ሁለት እናቶች ልጆችም በሕይወት ካሉ ክስ ለመመሥረት ሁለት ቀን ያህል ቀርቷቸዋል። ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። ቆም አለችና መጽሐፉን ለጋስቶን ሰጠችው።

«ምን ይላል? መነጽሬ መኪና ውስጥ ነው» አለ።

መነጽሩ ግን ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ኮሪን አውጥታ ራሷ ዓይኑ ላይ አደረገችለት።

ጋስቶን ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ እንደ ተማሪ ቀስ ብሎ አነበበ። «ኖቬምበር አሥራ ሁለት። ኢሬን ፔልኪ። ስለ ልጄ ስለ ጋስቶን፤ አባ ሊዮ ስላደረገበት። እኔም... እኔም ስለመታሁት።»

ቅጠሉን ገለጠ። በሚቀጥለው ዓመት ኖቬምበር አሥራ ሁለት፣ ያው ስም፣ ያው ቃል። እንደገና ገለጠ። እንደገና ነበረ። ጣቱ ከመስመሩ አልተነሳም።

ፀሐይዋ ጠልቃለች። አጥሩ ጋ ሕዝቡ በዝቶ፣ ሻማውን እንደያዘ እርስ በርሱ ያንሾካሽካል። ኖርማን እንጨቱን መልሶ ደርድሮ ልጡን ወደ ታች አዞረና አባ ማርሴልን ተመለከታቸው።

አባ ማርሴል ክብሪቱን ኪሳቸው ከተቱት።

«አንብቦ ይጨርስ» አሉ። «እንጠብቀዋለን።»