በቡሄ ማለዳ የተሰማው ድምፅ

ቋ! አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

እትዬ ፍቅርተ ገና ከአልጋቸው አልወረዱም። የቡሄ ማለዳ ነውና «እነዚህ ልጆች ሳይነጋ ጅራፍ ማጮህ ጀመሩ» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ሳቡ። ጅራፍ ግን ከግድግዳ ማዶ፣ ከተከራይ ክፍል ውስጥ አይጮኽም። ይህን ያሰቡት ዘግይተው ነው፤ ወጥተው ጭስ በተከራዩ በር ሥር ሲወጣ ካዩ በኋላ።

ኢንስፔክተር አሰለፈች ስትደርስ ተከራዩ ደሳለው አልጋው ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ጥቂት የቀረው ልጅ። እሳቱ ከእግርጌው አላለፈም፤ የገደለው የስፖንጅ ፍራሹ ጭስ ነው። አልጋው ሥር፣ በከሰለ ፎጣ መሐል፣ የተሰነጠቀ ጥቁር ነገር ተገኘ። የላፕቶፕ ባትሪ።

ላፕቶፑን ከጅዳ ይዛለት የመጣችው እህቱ አዛለች በሩ ላይ ደረቷን ትደቃለች።

«ይሻው ነው! የማይረባ ባትሪ ገጥሞ ወንድሜን አቃጠለው! ጓደኛው ነኝ ይል የለ?»

ይሻው ከገበያው በላይ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሰሞኑን ከደሳለው ጋር ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲጯጯሁ ያልሰማ የለም። ረፋዱ ላይ ታሰረ። ክሱ ከጸና ወጣትነቱን እስር ቤት ይጨርሰዋል።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለችው አሰለፈች።

«ባትሪው ቻርጅ አልቀበል አለ። አብጧል፣ ሞቷል፣ ሶኬት ላይ ሰክተህ ብቻ ተጠቀም ብዬ አውጥቼ ሰጠሁት። እሱ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር የጻፈው ይጠፋበታል። ‹አንተ ሰነፍ፣ አድንልኝ› አለኝ። ‹እኔ ጠበል ነኝ እንዴ?› አልኩት።» አፉን በእጁ ያዘ። «የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ሆነ።»

«መልሰህ አልገጠምክለትም?»

«ኧረ በጊዮርጊስ!»

አሰለፈች ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ደህና ተቀምጧል፤ የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። ቻርጀሩ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ አለ። የተሰነጠቀውን ባትሪ ገለበጠችው። ሥሩ በግማሽ ክብ ቀልጧል። ደጅ ያለው የከሰል ምድጃ ከንፈር ላይ ብታስቀምጠው ልክክ አለ።

የሟቹ አባት አያ ፋንታው ለበዓሉ ከሐሙሲት ገጠር መጥተው ልጃቸው ዘንድ ነበር ያደሩት። እትዬ ፍቅርተ ቤት እሳት ዳር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሌሊት ማኅሌት ሲሄዱ ደሳለው ነቅቶ ነበር፣ አባባ?»

«ተኝቶ ነበር ልጄ። እንዳልቀሰቅሰው ጫማዬን እንኳ ደጅ ነው ያጠለቅሁት።»

ሲናገሩ እጃቸው አላረፈም። ሊሰሙት ሳይሆን እንዲያው በልማድ፣ የትንሿን ሬዲዮናቸውን ባትሪ ድንጋዮች አውጥተው ምድጃው ዳር ይደረድራሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ደክመዋል። በጋ ቢሆን ፀሐይ ላይ አሰጣቸው ነበር። ክረምት እሳት ዳር ነው። ሲሞቁ ይነሳሉ።»

አሰለፈች ሌላ አልጠየቀቻቸውም። ይህንንም ባልጠየቀች በወደደች።

ከሰዓት በኋላ፣ አስከሬኑ ከሆስፒታል እስኪመለስ፣ ሁሉንም እትዬ ፍቅርተ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ይሻው በካቴና፣ በስስ ሸሚዝ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ገባ። አዛለች ፊቷን አዞረችበት።

«ባትሪው ላፕቶፑ ላይ አልነበረም» አለች አሰለፈች። «ቻርጀሩም ቦርሳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቻርጅ ሲደረግ አልፈነዳም። ይሻውም አልገጠመውም።»

«ታዲያ በራሱ ነደደ?» አለች አዛለች።

«ከሰል ላይ እንዲሞቅ ተደርጓል። የምድጃው ከንፈር ሥሩ ላይ ታትሟል። ሙቀቱ እንዳይወጣም በፎጣ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተሸጎጠ። ያበጠ ባትሪ ያን አይችልም። እትዬ ፍቅርተ፣ ጅራፍ የመሰልዎትን ከመስማትዎ በፊት፣ ሌሊት በመስኮትዎ ሲያዩ፣ ምድጃው ዳር ማን ነበር?»

የእትዬ ፍቅርተ ዓይን ሄዶ ሽማግሌው ላይ አረፈ።

«ይህን ያደረገው ሰው» አለች አሰለፈች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠላት አይደለም። ልጁ ሲጨነቅ አምሽቶ አይቷል። ሲነቃ ደስ እንዲለው ነው።»

አያ ፋንታው ቀና አሉ። የሚሰማቸው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«እኔ ነኝ ያሞቅሁት» አሉ። ከዚያ ወደ ይሻው ዞሩ። «ሞቷል ብለኸው ነበር፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ለኔ አልነገረኝም። እኔ ድንጋይ ጨርሶ ሲሞት አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ይነሳልኝ ነበር።»

አሰለፈች ቁልፉን አውጥታ የይሻውን ካቴና ፈታች፤ እሱ ግን እጆቹን ገና እንደታሰሩ አጣምሮ ይዟቸዋል።

ሽማግሌው ተነሡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ይሻውን አለበሱት፤ ዳርና ዳሩን ደረቱ ላይ አደራርበው አስተካከሉለት። በእጀ ጠባባቸው ብቻ ወደ ዝናቡ ወጡ።

«አባዬ! ወዴት ነው?» አለች አዛለች።

የዞሩትም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልነበረም፤ ወደ መናኸሪያውም አልነበረም። ይሻው ታስሮ ወደነበረበት ፖሊስ ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ ያዙ።