በሮማን ኢቃማ የወጣው መስመር

ባንቴን ሞቶ ያገኘው አብሮት የሚኖረው ደመቀ ነው። ከሥራ ሲመለስ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ሰብሮ ሲገባ ባንቴ መሬት ላይ ተደፍቷል፤ በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒቱ አልቆ ከጎኑ ወድቋል፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው።

የሪያድ ፖሊስ በሽታ ነው ብሎ ነገሩን ዘጋ። የመንሱራ ሰፈር አበሻ ግን መች ይዘጋል! ገዳይዋን ወዲያው አገኛት፤ ሮማን፣ የቀድሞ ፍቅረኛው። የሁለቱም ስልክ በአንድ ውል፣ በእሷ ኢቃማ የወጣ ነው፤ እሱ የመኖሪያ ፈቃድ የለውማ። ሲለያዩ በመስመሩ ተጣሉ። ባንቴ ፍርድ ቤት መቆም ስለማይችል ነገሩ ዘላለም ለሚባለው ሽማግሌ ተሰጠ። አሁን «ስልኩን ቆርጣ ገደለችው» ተብላ ለቅሶ ቤት እንዳትደርስ ተከለከለች።

እያለቀሰች ሃምሳ አለቃ ስንቅነሽ ዘንድ ሄደች። ስንቅነሽ ዛሬ ልብስ ትሰፋለች እንጂ ደሴ ላይ የወንጀል መርማሪ ነበረች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት። መስመሩን ዘግተሻል ወይ ብትላት ሮማን አልዘጋሁም ብላ ማለች። ከዚያም እንደምትዘገይ ለማዳሟ ለመንገር የስንቅነሽን ስልክ ለመነች። ስንቅነሽ ሰጠቻት።

ቀጥላ የባንቴን ስልክ ከደመቀ ተቀብላ አየች። ባትሪ አለው። ጧት የደወለው ሁሉ ገብቷል፤ ማታ ደጋግሞ የደወለው ግን አንዱም አልወጣም። አምቡላንስ ለምን አልጠራም አለችው።

ደመቀ አንገቱን ደፋ። «ኢቃማ የሌለው ሰው ከሞት ይልቅ ተርሒል ነው የሚፈራው። መጠረዝ ማን ይወዳል?»

አርብ ዕለት እዚያው ለቅሶው ቤት ሰበሰበቻቸው። ዘላለም እንደ ልማዱ ከላይ ተቀመጠ፤ ሮማን በሩ ሥር ቆመች።

«ባንቴን የነካው ሰው የለም» አለች ስንቅነሽ፤ «በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። የጎዳው የመስመሩ መቆረጥ ነው። ለመቁረጥ ደግሞ የስልክ ድርጅቱ የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል፤ ቁጥሩ የሚገባው ሮማን ስልክ ላይ ነው።»

«እኛስ ምን አልን?» አለ ደመቀ።

«ሮማን ግን ስልክ የላትም። እኔ ቤት ተውሳ ነው የደወለችው። ስልክሽ የት ነው፣ እህቴ?»

«ጋሽ ዘላለም ጋ። እስኪፈረድ መስመሩን እንዳትቆርጪበት ብለው መያዣ ተቀበሉኝ። ሽማግሌ ላይ ብናገር ማን ያምነኛል?»

ሰው ሁሉ ወደ ዘላለም ዞረ። ላብ በላብ ሆኗል።

«ባንቴን ለሽምግልናው ሁለት ጊዜ ቀጥሬው ቀረ» አለ፤ «ሰው ፊት አዋረደኝ። ሲዘጋበት እየሮጠ ይመጣል ብዬ እንጂ...»

ስንቅነሽ የባንቴን ስልክ ከፍታ ፊቱ አስቀመጠች። «ሲጨንቀው መጀመሪያ የደወለው ለእርስዎ ነው» አለችው።

ዘላለም አይቶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የሮማንን ስልክ ከኪሱ አወጣ፤ እጇ ላይ ማኖር አቅቶት ምንጣፉ ላይ ተወው። ደመቀ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀ። «ነይ ተቀመጪ፣ እህቴ» ሲላት ፊቷን ማየት አልቻለም። ሮማን ተቀመጠችና፣ ሰው ከልክሏት የቆየችውን ለቅሶ አለቀሰች።